ከጎማዬ ኋላ

እንጦጦ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ስናይ እኛ ድሮ ዞር ብለን እናየው ነበር። ወይ ሌባ አባርሮታል፣ ወይ ከጓደኞቹ ተጣልቷል እንል ነበር። ሩጫ ለእኛ ሰልፍ ነው። አንዱ ከፊት ይወጣል፣ ሌላው እግሩን እያየ ይከተለዋል። መሪው በባሕር ዛፎቹ መሀል ወዲህ ወዲያ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ሥር ካለ የሚያየው እሱ ነው፣ ጉድጓድ ካለ የሚዘለው እሱ ነው። የኋለኛው ምንም የሚያስበው ነገር የለም። ከፊቱ ያለውን ተረከዝ ማየት ብቻ ነው ሥራው። ሲደክመውም የሚጎትተው ያ ተረከዝ ነው። ይሄን ወታደር ሆኜ ተማርኩ፣ ለብዙ ልጆች አስተማርኩ፣ ለሩጫ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ኮች ነበርኩ ስል ሰዎች የት ተማርክ ይሉኛል። የውኃ ዋናው፣ ብስክሌቱና ሩጫው ባንድ ቀን የሚሠራበት የትሪያትሎን ኮች መሆኔን ሲሰሙማ ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል። ዋና አልችልም። ውኃ ውስጥ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። ፊደልም የቆጠርኩት ጦር ሰፈር ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው።

ጦሩ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ በብስክሌት ወረቀት ማመላለስ ነበር። አንድ ቀን ጎማው ፈነዳብኝና ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። አንድ መኮንን በር ላይ ቆሞ አየኝ። ሳይስቅም ሳይቆጣም ስሜን ጠየቀኝና በማግስቱ ከሯጮቹ ጋር ቀላቀለኝ። ትልቅ ሯጭ አልሆንኩም። መምራት ግን እችል ነበር፤ ከፊት ሆኜ፣ ፍጥነቱን ሳላዛንፍ፣ ጫካውን ማዞር። የሚያሸንፉት ከኋላዬ የነበሩት ናቸው። አልከፋኝም። ሲያሸንፉ የማንን ተረከዝ ሲያዩ እንደከረሙ አውቅ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ ቡድኑም አብሮ ተበተነ። ሌላው ወደ አገሩ ሲገባ እኔ እዚሁ የካ ቀረሁ፤ ሚስቴ እዚህ ነበረች። ወሰን አካባቢ አንድ ጋራዥ የሌሊት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት በሩን ለሠራተኞቹ ከፍቼ ካስረከብኩ በኋላ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ነው። ሯጭ ልሁን ብለው ከክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች መከተል ጀመሩ። ከዚያ በዙ። ኮች አሉኝ። ጥሩ ጊዜ ነበር። ቅጠል ተሸክመው ከጫካው የሚወርዱት ሴቶች ገና ሲያዩን መንገድ እየለቀቁ «ባቡሩ መጣ» ብለው ይስቁብን ነበር።

ያ ባቡር ፉርጎ ፉርጎውን እየጣለ አለቀ። ጎበዞቹን ክለቦች ወሰዷቸው። ያልቀናቸው ወደ እንጀራቸው ሄዱ፤ አንዱ ወያላ ሆነ፣ አንዱ ግንበኛ። ሚስቴም ታመመችና አረፈች። አንድ ጠዋት ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ወጣሁ። ቀጥ ያለ መንገድ እያለ፣ እንደ ድሮው በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝኩ ነበር የምሄደው። ሥር ሳይ እጄን ዝቅ አድርጌ ለኋላው ሰው ምልክት እሰጣለሁ። የሚያየው የለም። ቤት ስገባ ደግሞ ክፍሌ እንደተውኳት ናት። ጠዋት ሻይ የጠጣሁበት ብርጭቆ እዚያው ባስቀመጥኩበት ነው፣ የሚያነሣው ሰው የለም። ያንን ብርጭቆ ማየት እየጠላሁ መጣሁ።

እሷን ያገኘኋት በዚያ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ግድም የሆናት ሴት፣ ብቻዋን፣ ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ገመድ ሰክታ ኮረኮንቹን ሽቅብ ትሮጣለች። አሯሯጧ መጥፎ አልነበረም፤ ትከሻዋን ብቻ ታነሣለች። ጥቂት ቀን ዝም ብዬ አሳለፍኳት። በመጨረሻ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩባት።

«ልጄ፣ ብቻሽን አትሩጪ» አልኳት።

ገመዱን ከጆሮዋ ነቀለች። «ለምን ጋሼ? ጅብ አለ እንዴ?»

«ጅቡን ተዪው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው አያድግም። ነይ፣ ተከተዪኝ።»

ሳቀች። ግን ተከተለች። በዚህ ዕድሜዬ ፍጥነቴ ብዙም አልነበረም፤ እሷም ገና ጀማሪ ነበረችና ተመጣጠንን። ሥር ሳይ እጄን ዝቅ አደረግኩ። ከኋላዬ እግር ሲዘል ሰማሁ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ብርጭቆውን ወዲያው አጠብኩት።

ቤቷ ሲ.ኤም.ሲ ነው፣ ከወላጆቿ ጋር። ከሆሳዕና በኩል የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሑድ ቸርች ስላለኝ አልመጣም ብላ አስቀድማ ነገረችኝ። ቤቱ ሁልጊዜ ሰው ሙሉ ነው። ለሕክምና የመጣ፣ ለትምህርት የመጣ፣ ለጸሎት የመጣ፤ ሳሎኑ ሁሉ ፍራሽ ነው። ቢሮም ሰው ነው፣ ታክሲም ሰው ነው። ጫካ የምመጣው ከሰው ለማረፍ ነው ብላኛለች፣ በግልጽ ነው ያለችኝ። እኔ ግን ልብ አላልኩትም። ከኋላዬ እግር አለ፤ ሌላውን የት ልስማው።

ከተላመድን በኋላ ሐሳቧን አወጣች። ሐይቅ ዳር የሚደረግ ውድድር አለ። ሐይቁን መዋኘት፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ፤ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ። ከሴቶች አንደኛ የወጣችውን ውጭ አገር ወስደው ያወዳድሯታል። እዚያ መሄድ እፈልጋለሁ አለች። ሩጫው ብቻውን ምን አጎደለ አልኳት። እዚያ ነው የምሄደው ብላ ደገመች። እልኸኛ ነበረች፤ ያ ደስ አለኝ።

ዋናውን የያዘላት ሌላ ሰው ነው፣ መገናኛ አጠገብ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ የሚያስተምር ጎልማሳ። አባቱ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ዋና የተማርኩት ከታንኳ ወድቄ ነው ይላል፤ አባቴ መቅዘፊያውን እንኳ አልዘረጋልኝም፣ ቆሞ አየኝ እንጂ ይላል። ኋላ ኮርስ ወስዶ ወረቀትም አለው። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ገንዳው ዳር ፕላስቲክ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ይግቡ እንጂ ጋሼ አለኝ። አንተ እንጦጦ ስትወጣ እኔ እገባለሁ አልኩት። እሱም አልወጣ፣ እኔም አልገባ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። እሷ ውኃው ውስጥ ጭንቅላቷን ስትቀብር ማንም አያናግራትም። ስትወጣ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነበር ያላት። ጫካ ውስጥ እኔን ስትከተል ያን ፊት አይቼባት አላውቅም።

ብስክሌቱ የእኔ ነው አልኩ። ጋራዡ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የኖረች አሮጌ ብስክሌት ነበረች። ባለቤቱን ለምኜ ወሰድኳት፣ ካቴናዋን በናፍታ አጠብኩ፣ ፍሬኗን አሠራሁ። ለእሷ ከቢሮ ጓደኛዋ የተሻለ ተገኘ። መገናኛ ያን ጊዜ ለከተማው ባቡር ሐዲድ ተቆፋፍሮ አቧራ ብቻ ነበርና ወደዚያ አንሄድም። ጎህ ሲቀድ ከሲ.ኤም.ሲ ተነሥተን በሰንዳፋ መንገድ ነው። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ትምህርቴ አንድ ነበር፤ ዓይንሽን ከጎማዬ አታንሺ። ከሰው ጎማ ኋላ የተጠጋ ሰው ነፋስ አይነካውም፣ ጉልበቱ ይተርፈዋል፤ ይሄንን ብስክሌት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ዳገቱ ላይ ሲያቅተኝና ሌላ ብስክሌተኛ ሲያልፈን ለእሱ አስረክባት ነበር። ሂጂ፣ ያዢው፣ እላታለሁ። እሷም ትይዘዋለች። እንደ መዥገር ነበር የምትጣበቀው። እኔ ብቻዬን ሳዘግም ከሩቅ ጀርባዋን እያየሁ እኮራ ነበር።

ውድድሩ ደረሰና ሦስታችንም ባንድ ሚኒባስ ወደ ሐይቁ ወረድን። በዋዜማው ስለ ሕጉ ስብሰባ ነበር። የሚናገረው ፈረንጅ ነው፤ እሷና የዋናው አስተማሪ ገቡ፣ እኔ ውጭ ጎማ ስነፋ ነበርኩ። የብስክሌቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

ጠዋት ከውኃው ጥሩ ሆና ወጣች። ከፊቷ የነበሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ሩጫው ላይ አትችላቸውም አይባልም። ብስክሌቷን ይዛ ስትወጣ እኔ መንገዱ ላይ ራቅ ብዬ፣ ፓምፔን ይዤ ቆምኩ። ነፋስ ነበር፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ፣ አሸዋ ያለበት። ብዙ ሰው አለፈ። እሷ ዘገየች። ወደ መጣችበት ስሄድ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። አንድ እግሯ መሬት ላይ፣ እጇ ፍሬኑ ላይ። ጎማ ነው ብዬ ሮጥኩ። ሞተር ላይ የተቀመጠ ወጣት ዳኛ እጁን ዘረጋብኝ።

«አባት፣ አይጠጉ። ቅጣት ላይ ናት።»

«ምን አጠፋች?»

«ከሰው ጎማ ኋላ ተጠግታ ነዳች። አስጠንቅቄያታለሁ፣ ደገመች።»

«ታዲያ ከሰው ኋላ ካልሆነ የት ትሂድ?»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «እዚህ ስፖርት ውስጥ ነፋሱን ሁሉም ለራሱ ነው የሚቀበለው፣ አባት። መጠጋት ክልክል ነው።»

እሷ መሬት መሬት ነበር የምታየው። እዚያ ቆማ ሳለ ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ አለፏት። የቅጣቷ ሰዓት ሲያልቅ ዳኛው ሂጂ አላት፤ ሄደች። ሩጫው ላይ ከፊቷ ሆኜ ልምራት ብዬ ተነሣሁ፣ እሱም ክልክል ነው አሉኝ። ጨረሰች፣ አዎ። አንደኛዋ ሴት ግን ልብሷን ቀይራ ምሳ በልታ ነበር።

በዚያው ሚኒባስ ተመለስን። ዱከም ከተማን ስናልፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች ተናገረች።

«ሰምቼው ነበር ጋሼ። ትናንት ሲናገሩ ሰምቼዋለሁ። ጎማ ሲያልፈኝ ግን ዓይኔ ራሱ ሄዶ ያዘው።»

መገናኛ ልንደርስ ስንል ሕጉ የተጣመመ ሕግ ነው አልኳት። ዛሬም እላለሁ። ሰው ለምን ተጠጋህ ተብሎ ይቀጣል?

ከዚያ በኋላ ጫካ መምጣት ተወች። መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ። ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት ሆነ። እኔ በሰዓቱ እወጣለሁ፣ ኮረኮንቹ ዳር ቆሜ ወደ ታች አያለሁ፣ ቅጠል ተሸካሚዎቹ ብቻ ናቸው የሚያልፉት። አንዷ ልጅቷ የት ሄደች ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ውሸቴን ነው፣ የማውቀው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ቤቴ የመጣው የዋናው አስተማሪ ነው፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ። አንዲት ወንበር ናት ያለችኝ፤ እሱን አስቀምጬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን ዙሪያ ዙሪያውን ዞረ። በመጨረሻ እሷ ለሚቀጥለው ውድድር መዘጋጀት እንደምትፈልግ፣ ብስክሌቱን ግን ለብቻዋ መንዳት እንዳለባት፣ እንዳይከፋኝ ብላ እንደሸሸችኝ ነገረኝ። ከፊት የሚመራት ሰው አያስፈልጋትም፣ እንዲያውም ይጎዳታል አለ። ልምምዱን እኔ ልያዘው አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ልቆጣው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበረና ዓይኔ እሱ ላይ ዐረፈ። ይህችን ልጅ ካጣሁ የሚቀረኝ እሱ መሆኑን አወቅኩ። ለምን ያንን እንደጠየቅኩት አላውቅም፤ ብቻ ጠየቅኩት።

«አባትህ ያኔ ከታንኳ ስትወድቅ መቅዘፊያውን ለምን አልዘረጋልህም?»

ብርቱካን እየላጠ ነበር፣ ቆመ። «ቢዘረጋልኝ ኖሮ እሱን ነበራ የምይዘው» አለ።

«ትቶህ ሄደ?»

«ኧረ የት ይሄዳል። እዚያው ነበር። ሲቆጣም ሲያይም እዚያው ታንኳው ላይ ነበር።»

ብርቱካኑን በልተን ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሲ.ኤም.ሲ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ የማላውቀው ሰው ነው፤ ከኋላው ሌላ ሰው፣ ከዚያም ኋላ የጸሎት ድምፅ። ሰው ከሰው ጋር ተነባብሮ ነው የተቀመጠው። ይግቡ፣ ይግቡ አሉኝ። ጫካ ለምን ትመጣ እንደነበር ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ። አልገባም ብዬ በሩ ላይ አስጠራኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

ከእንግዲህ ከፊትሽ አልሄድም አልኳት። ለብቻ መንዳትን ግን ገንዳ ውስጥ አትማሪውም፤ ብቻ መሆንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ አምጪው። የሌሊት ዘበኛ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገም ከሆነ ነገ እንጀምር አልኳት። ነገ እሑድ ነው ጋሼ አለች፣ እየሳቀች። ሰኞ አልኩ።

ያስተማርኳት የዘበኝነት ትምህርት ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ስለ ሰው አታስቢ፣ ስለ ሰው ያሰበ ዘበኛ አይነጋለትም። በእጅሽ ያለውን አስቢ። የካቴናውን ድምፅ ስሚ፤ ከተንጫጫ ማርሹ ትክክል አይደለም። ሳይርብሽ ብዪ። ነፋስ ሲመጣ አትጣዪው፣ ዝቅ ብለሽ አሳልፊው። ከኋላሽ ምን አለ ብለሽ አትዙሪ። ሰው ሲያልፍሽ ቀኝሽን እይ፣ እርሻውን እይ፣ ጎማውን እንዳታዪ። ይሄኛው ከሁሉም አስቸገራት። ዓይኗ የለመደው እሱን ነበርና።

እኔ ለገጣፎን አለፍ ብሎ ባለ መገንጠያ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። በሚኒባስ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ ፔርሙስ ሻይ ይዤ። እሷ ከሲ.ኤም.ሲ ተነሥታ ታልፈኛለች፣ ሰንዳፋ ደርሳ ስትመለስ ደግማ ታልፈኛለች። በመሀሉ እኔና ድንጋዩ ነን። ሥራዬ የትከሻዋን ነገር ማየት፣ እግሯ እንዴት እንደሚዞር ማየት ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ ነው ያለኝ። መጀመሪያ ሰሞን እጇን ታነሣልኝ ነበር። አንዴ እንዲያውም «ጋሼ፣ ሻይ ቀዘቀዘ?» ብላ ጮኸችብኝ። ስትመለስ አስቁሜ ተቆጣኋት። ቀና ስትዪ ነፋሱ ደረትሽ ይገባል፣ የእግርሽም ምት ይሰበራል። እኔንም አትፈልጊ። ሰው ፈልጎ የሚነዳ ሰው ሰው ሲያጣ ይወድቃል አልኳት። አኮረፈች። በሚቀጥለው ጊዜ አልፋኝ ስትሄድ ቀና ልትል ብላ ተወችው። ከዚያ ልበል ማለቱም ቀረ። ክረምት ሲገባ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ መንገድ ዳር እንደተተከለ የኪሎ ሜትር ድንጋይ አልፋኝ ትሄድ ጀመር። ፊቷን አየሁት። ገንዳው ላይ የነበረው ፊት ነው።

ደስ አለህ ወይ ለሚለኝ፣ የፈለግኩት ነበር እላለሁ። ደስታውን አላውቅም። ሻዬን ጠጥቼ ሚኒባስ እጠብቃለሁ፣ ወሰን ወርጄ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ዓመቱ ሞልቶ ሐይቁ ጋ ተመለስን። ነፋሱም ያው ነበር። የዋናው አስተማሪ ውኃው ዳር ቀረ፣ እኔ መንገዱን ይዤ ከሁሉም ሰው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄድኩና አንድ የግራር ጥላ ሥር ቆምኩ። ፓምፕ አልያዝኩም፣ ፔርሙሴን ብቻ። ወንዶቹ አለፉ። ከዚያ ሁለት የዘገዩ ፈረንጅ ወንዶች፣ ተራርቀው። ከዚያ እሷ። ከፊቷ ሴት አላየሁም። አንድ ጎልማሳ ከኋላዋ መጥቶ ሲያልፋት ጎማው ከፊቷ ገባ። እሷ ፔዳሉን ለቀቅ አደረገች፣ ክፍተቱ እስኪሰፋ ጠበቀች፣ ፊቷን ወደ እርሻው መለሰች። ነፋሱ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። አጠገቤ ስትደርስ ካቴናዋ አይሰማም ነበር። ካፖርቴን ለብሼ፣ መንገዱ ላይ የቆመ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ እንዲያው እጄን ብዘረጋ በምደርስባት ርቀት አለፈችኝ። ቀና አላለችም።

ትንሽ ቆይቶ ሞተር መጣና ቆመ። ያ ዳኛ ነው፤ እሱ ግን አላስታወሰኝም።

«አባት፣ እዚህ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? የማን ቤተሰብ ነዎት?»

«የዚያች» አልኩት። ጀርባዋ ገና ይታይ ነበር። «ኮቿ ነኝ።»

ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «አላየችዎትም እኮ» አለኝ፣ እንደማዘን ብሎ።

«አዎ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

አንገቱን ነቅንቆ ሞተሩን አስነሣ። እኔ እዚያው ግራሩ ሥር ቀረሁ፤ ሩጫው በሌላ መንገድ ነው፣ እግሬም በሰዓቱ አያደርሰኝም። አንደኛ መውጣቷን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ፣ ከውድድሩ ማብቂያ ከመጣ ባጃጅ ነጂ ነው። አንዲት ሐበሻ ሴት የፈረንጅ ሴቶቹን ቀደመች አሉ፣ ልጃችን ናት የሚሉ ዘመዶች ከበዋታል፣ ቦታው ሰው በሰው ሆኗል አለኝ። እዚያ ላድርስዎት አለኝ። ቆይ ትንሽ ሰው ይቅለልላት አልኩትና ፔርሙሱን ይዤ በእግሬ ጀመርኩ።